በሲኒ የሚለካ ጎመን

ቀኝ እጄ ለሃያ ደቂቃ ያህል የእኔ አልነበረም። በካምፓላው የኪኩቦ ገበያ፣ በጅምላ መደብሮች መካከል፣ ሰው ትከሻውን አጥብቦ በሚያልፍባት መተላለፊያ ቆሜ፣ ይዤው የነበረው የምስር ከረጢት እግሬ ሥር ወድቆ ተመለከትሁ። ጣቶቼ መላላታቸውን ያወቅሁት በዓይኔ እንጂ በስሜት አልነበረም። እኅቴ ዞር ብላ «ምን ሆንክ?» አለችኝ። መልሱ በአእምሮዬ ውስጥ ዝግጁ ነበር፤ ከአፌ የወጣው ድምፅ ግን የማንም ቋንቋ አልነበረም። እስከ ዛሬ የሚገርመኝ አለመፍራቴ ነው። በመንገድ ላይ የማላውቀውን በሽተኛ እንዳየሁ ሁሉ «ይህ ሰው ታሟል» ብዬ አሰብሁ።

ስለ ራሴ መጻፍ ልማዴ አይደለም። ይህን የምጽፈው እንደ እኔ ደም ማቅጠኛ መድኃኒት እየዋጡ የሚጾሙ፣ እንደ እኅቴም ለታመመ ሰው የሚያበስሉ ሰዎች በየቤቱ እንዳሉ ስለማውቅ ነው። እኛን የጎዳን ቸልተኝነት ቢሆን ኖሮ ለመጻፍ አፍር ነበር። የጎዳን ጥንቃቄያችን ነው።

ዕድሜዬ ሃያ ዘጠኝ ዓመት ነው። ካምፓላ ከመጣሁ አራት ዓመት አልፎኛል፤ ኮሎሎ በሚገኝ መሥሪያ ቤት ሰነዶችን ከአማርኛ ወደ እንግሊዝኛ እተረጉማለሁ። የምኖረው ካንሳንጋ፣ ከታላቅ እኅቴ ከዘነቡ ጋር ነው። እትዬ ዘነቡ በዐሥራ አራት ዓመት ትበልጠኛለች፤ ከምንኖርበት ሕንፃ ሥር ስድስት ጠረጴዛ ያላት ምግብ ቤት አላት። ከመጽሐፍ ስለማልለይ «ሊቁ» ትለኛለች። ስሙ ምስጋናም ስድብም ነው፤ የትኛው እንደሆነ ከድምፅዋ አውቃለሁ።

ሕመሙ የጀመረው በዳገት ነው። ከታክሲ ወርጄ ወደ መሥሪያ ቤቴ የሚያወጣውን የኮሎሎን ዳገት ሦስት ዓመት ሙሉ ሳላስበው ስወጣው ኖሬያለሁ። በአራተኛው ዓመት መጀመሪያ ላይ ግን በመካከሉ መቆም ጀመርሁ። ሰው እንዳይታዘበኝ ስልኬን አውጥቼ መልእክት እንደሚያነብ ሰው እቆም ነበር። ከዚያ ሁለት ጊዜ መቆም መጣ፤ ከዚያ ሦስት። በኋላ ቦዳ በሚሉት ሞተር ብስክሌት መሳፈር ጀመርሁና ዳገቱን ረሳሁት፤ ሕመሙም የጠፋ መሰለኝ። ነገር ግን ስተኛ አንድ ትራስ አልበቃኝም አለ። ወደ ሁለት፣ ከዚያም ወደ ሦስት ከፍ አልሁ። በጀርባዬ ስጋደም ደረቴ ውስጥ ውኃ የሚሞላ ይመስለኝ ነበር። ይህን ለማንም አልተናገርሁም፤ ትራስ መጨመር ሕመም ነው ብሎ የሚያስብ ማን አለ?

የመጀመሪያው ክሊኒክ ወባ አለብህ አለኝ። በዚህ ከተማ የደከመው ሰው መጀመሪያ የሚጠረጠረው በወባ ነው፤ ጥርጣሬውም ብዙውን ጊዜ ትክክል ነው። መድኃኒቱን ጨረስሁ፤ ትንፋሼ ግን እንደ ነበረ ነበር። ሁለተኛው ክሊኒክ አስም ነው ብሎ በአፍ የሚነፋ መድኃኒት ሰጠኝ። በነፋሁት ቁጥር እጄ ይንቀጠቀጣል፤ ልቤም ሥርዓት በሌለው ምት ይዘላል። ሦስተኛውን ምርመራ ያደረጉልኝ ጋሽ በቀለ ናቸው። ጋሽ በቀለ የመኪና መለዋወጫ ነጋዴና የእኅቴ ቋሚ ደንበኛ ናቸው፤ በሁሉም ነገር ላይ አስተያየት አላቸው።

«ጨጓራ ነው» አሉ፣ እጃቸውን እየታጠቡ።

«ጋሼ፣ ጨጓራ ዳገት ላይ ነው እንዴ የሚነሣው?» አለች እኅቴ።

«የተማረ ሰው ጨጓራ የትም ይነሣል። ይሄ ልጅ እየበላ ያነባል። ጨጓራው ምግቡን ይፍጭ ወይስ መጽሐፉን?»

«ሰማህ ሊቁ? መጽሐፉን ዝጋና ብላ።»

ሣቅሁ። ሣቁ ሳያልቅ ትንፋሽ አጠረኝና ጠረጴዛውን ያዝሁ።

በማግሥቱ እኅቴ ምግብ ቤቷን ዘግታ ወደ ትልቅ ሆስፒታል ወሰደችኝ። የልብ ክፍሉ መጠበቂያ ረጅም ኮሪደር ነው፤ ግራና ቀኝ የእንጨት አግዳሚ ተደርድሯል። ከሩቅ አውራጃ የመጡ ሰዎች ምንጣፋቸውንና በፎጣ የተጠቀለለ ማቶኬያቸውን፣ ያን የአገሩን የበሰለ አረንጓዴ ሙዝ፣ ይዘው ይጠብቃሉ። ከጠዋቱ አንድ ሰዓት እስከ ቀኑ ስምንት ሰዓት ተቀመጥን። አጠገቤ የነበረች አንዲት አሮጊት ቋንቋዋን እንደማላውቅ እያወቀች ቀኑን ሙሉ ታወራኝ ነበር፤ ተራዋ ሲደርስ ጉልበቴን መታ መታ አድርጋ ሄደች። ከዚያ ቀን የማስታውሰው መልካም ነገር ያ ነው።

የመረመረኝ ሐኪም ጸጉሩ የሸበተ ዝምተኛ ሰው ነው። መስሚያውን ደረቴ ላይ አድርጎ ለረጅም ጊዜ አላነሣውም። በግራ ጎኔ አስተኝቶ እንደገና አዳመጠ። ከዚያ ያልጠበቅሁትን ጠየቀኝ።

«በልጅነትህ ጉሮሮህን ታምመህ ታውቃለህ? ከዚያ በኋላ መገጣጠሚያህ አብጦ ነበር?»

መልሱን ከመስጠቴ በፊት እኅቴን አየኋት። እንግሊዝኛ ብዙ አታውቅም፤ ሐኪሙ ግን ጉሮሮውንና ጉልበቱን እየነካ ስለጠየቀ ገብቷታል።

ያደግነው ደሴ ነው። ስምንት ዓመት ሲሆነኝ ጉሮሮዬን ታመምሁ፤ ትኩሳቱ አልበርድ አለ። በሰፈራችን «እንጥሉ ወርዷል» ከተባለ የሚደረገው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ እንጥል የሚቆርጥ ሰው ይጠራል። ሰውየው መጥቶ አፌን አስከፍቶ እንጥሌን ቆረጠው። ራሴን በጭኖቿ መካከል አጥብቃ የያዘችኝ እትዬ ዘነቡ ነበረች። ያኔ ሃያ ሁለት ዓመቷ ነው፤ ስታለቅስ እንባዋ ግንባሬ ላይ ይወርድ ነበር። ጉሮሮዬ ተሻለው፤ ሁላችንም መቁረጡ አዳነው አልን። ከሦስት ሳምንት በኋላ ቀኝ ጉልበቴ አብጦ እንደ እሳት አቃጠለኝ። እሱ ሲተወኝ ቁርጭምጭሚቴ፣ ከዚያ ክርኔ ተተካ። «ብርድ ነው» ተባለ፤ ቅቤ ታሸሁ፤ ዳንሁ። የዳንሁ መስሎን ነበር።

ሐኪሙ ወረቀት ስቦ ልብን አራት ክፍል እንዳለው ቤት አድርጎ ሣለልኝ። ከሳንባ ንጹሕ አየር ይዞ የሚመጣው ደም በግራ በኩል ወዳለው የላይኛው ክፍል ይገባል፤ ከዚያ በአንድ በር አልፎ ወደ ታችኛው ክፍል ይወርድና ወደ መላ ሰውነት ይረጫል። የሕመሙ ሥር ያለው በዚያ በር ላይ ነው። በጉሮሮ ውስጥ የገባው ተሕዋሲ በጊዜው በፔኒሲሊን ካልጠፋ፣ የሰውነት መከላከያ ኃይል እሱን ለመውጋት የሠራውን መሣሪያ በስሕተት ወደ መገጣጠሚያና ወደ ልብ በሮች ያዞራል። መገጣጠሚያ ይድናል፤ የልብ በር ግን ጠባሳ ይይዛል። ጠባሳው ዓመት በዓመት ይወፍራል፤ በሩም እየጠበበ ይሄዳል። ሰውየው አይታወቀውም፤ ያድጋል፣ ይማራል፣ አገር ይለቃል። አንድ ቀን በሩ ከሚገባው በላይ ሲጠብ ማለፍ ያቃተው ደም ወደ ኋላ ተመልሶ ሳንባ ላይ ይተኛል። ዳገቱም ትራሱም ይህ ነበር። እንጥል መቆረጡ በሩን አላበላሸውም፤ ጥፋቱ ሕክምና አገኘን ብለን ሕክምናውን መተዋችን ነው።

በሩ ሳይከፈት ከቀረ የልብ ድካሙ እየባሰ እንደሚሄድ ነገረኝ። መፍትሔው ከብሽሽት በደም ሥር ቀጭን ቱቦ አስገብቶ፣ ጫፉ ላይ ያለውን ፊኛ በጠበበው በር ውስጥ መንፋት ነው። ቀጠሮ የተሰጠኝ ከፋሲካ በኋላ ነበር። እስከዚያ ሁለት ነገር ታዘዘልኝ፤ በየአራት ሳምንቱ ጭን ላይ የሚሰጥ የፔኒሲሊን መርፌና ዋርፋሪን የሚባል ደም ማቅጠኛ ክኒን። የላይኛው የልቤ ክፍል ተለጥጦ ምቱን ስላዛባ፣ ደም በውስጡ ይንቀረፈፍና ሊረጋ ይችላል። ክኒኑ የሚከላከለው ይህን ነው። መጠኑ ልክ መሆኑ የሚታወቀው በደም ምርመራ ነው፤ ቁጥሩ በሁለትና በሦስት መካከል መዋል አለበት።

ሐኪሙን አመሰገንሁ። የተቀመጥሁበትን ወንበር ወደ ቦታው መለስሁ። ኮሪደሩ ላይ እኅቴ «ምን አለ?» ብላ ስትጠይቀኝ የመሥሪያ ቤት ሰነድ እንደምተረጉም ሁሉ አንድም ሳላስቀር ተረጎምሁላት። የደሴውንም ጨምሬ። እንዴት እንዳደመጠችው ያየሁት ከጨረስሁ በኋላ ነው።

«የያዝኩህ እኔ ነኝ» አለች።

«እትዬ፣ ባትይዢኝ ሌላ ሰው ይይዘኝ ነበር።»

ይህን ያልሁት ላጽናናት ነበር። ከአፌ ሲወጣ ግን የመጽሐፍ ዓረፍተ ነገር መሰለ።

ዐቢይ ጾም ሲገባ የደም ቁጥሬ ለሁለት ወር ያህል በሚፈለገው ልክ ውሎ ነበር። የንስሐ አባቴ ለታመመ ሰው ጾም እንደማይታዘዝ በግልጽ ነግረውኛል። እኔ ነኝ እንቢ ያልሁት። ዳገቱን፣ እንቅልፌን፣ ማታ የማነበውን ሕመሙ ወስዶብኛል፤ ጾሙ ግን እንደ ወትሮው ማድረግ የምችለው ነገር ሆኖ ቀርቶልኝ ነበር። ክኒኔን በሰዓቱ በውኃ እየዋጥሁ፣ ምግብ ዘጠኝ ሰዓት ላይ በእኅቴ ምግብ ቤት እበላለሁ።

እዚህ ላይ አንባቢ ልብ እንዲልልኝ እሻለሁ። በፍስክ ቀን የምበላው ከዚህም ከዚያም ነው፤ መሥሪያ ቤት ሩዝና ባቄላ፣ መንገድ ላይ ሮሌክስ የሚሉት በቂጣ የተጠቀለለ እንቁላል፣ ማታ ሥጋ ካለ ሥጋ። በጾም ግን የምበላው ከአንድ ድስት ብቻ ሆነ። እትዬ ዘነቡ ደግሞ ጎመን ለልብ መልካም ነው ሲባል ሰምታለች። ሽሮና ምስር ሆድ ይነፋል ብላ አሳንሳ፣ ጎመኑን ታበዛልኛለች። ለሌላው ደንበኛ አንድ ጭልፋ፣ ለእኔ ሦስት።

«ይሄ ሁሉ ለማን ነው?» ስላት፣

«ለልብህ ነዋ። አንተ መጽሐፍህን እመን፣ እኔ ድስቴን ልመን» ትለኛለች።

ስለ መድኃኒቱ የተሰጠኝን ወረቀት ደጋግሜ አንብቤዋለሁ። ቅጠላ ቅጠል በድንገት አታብዛ፣ በድንገትም አታቋርጥ ይላል። አንብቤው አለፍሁ። አመጋገቤን የለወጥሁ አልመሰለኝም ነበር። ጾም ለእኔ የአመጋገብ ለውጥ አልነበረም፤ በየዓመቱ በጊዜው የሚመጣ ነገር ነው። ክረምት ሲገባ ጃንጥላ የሚይዝ ሰው ጠባዩን ለወጠ አይባልም፤ እንደዚያ ነበር የማስበው። በጾሙ መካከል የሚውለውን የደም ምርመራ ቀንም ሥራ ስለበዛብኝ በአንድ ሳምንት አስተላለፍሁት። ይህ ስሕተት የእኔ ብቻ ነው።

በኪኩቦ እጄ የከዳኝ በዚያው ሳምንት ነው።

እኅቴ በአንድ ትከሻዋ ደግፋ፣ በሌላ እጇ ሰዉን እየገፋች አወጣችኝ። «ዞር በሉ! ዞር በሉልኝ!» የምትለው በአማርኛ ነው፤ ሁሉም ይገባው ነበር። ሆስፒታል ስንደርስ አንደበቴ ተመልሷል፤ እጄም መንቀሳቀስ ጀምሯል። የሦስት ጣቶቼ ጫፍ ግን እንደ ደነዘዘ ቀረ። የደም ቁጥሬ አንድ ነጥብ ሦስት ሆኖ ተገኘ። መድኃኒት ጭራሽ ከማይወስድ ሰው ብዙም አይለይም።

ሽበታሙ ሐኪም አልጋዬ አጠገብ ተቀመጠ።

«ልጄ፣ እውነቱን ንገረኝ። ክኒኑን አቋርጠሃል?»

«አንድ ቀንም አላቋረጥሁም።»

«ሌላ መድኃኒት ጀምረሃል? የባህል መድኃኒት?»

«አልጀመርሁም።»

«ምግብ ለውጠሃል?»

«አልለወጥሁም። ጾም ላይ ነኝ፤ ነገር ግን ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ እበላለሁ።»

ራሱን ነቀነቀ። እሱ የሚያውቀው ጾም እስከ ማታ አለመብላት ነው፤ ማታ ግን ሰው የለመደውን ይበላል። ስለዚህ የጠየቀኝ የክኒኑን ሰዓት ብቻ ነው። በሰዓቱ እንደምወስድ ነገርሁት። ሁለታችንም እውነት ተናገርን፤ የሚፈለገው ነገር ግን በመካከላችን ሳይነሣ አለፈ። የክኒኑን መጠን ጨመረልኝ።

በማግሥቱ በጉሮሮ በኩል በሚገባ መሣሪያ ልቤን ከጀርባው አዩት። በላይኛው ክፍል ጥግ ላይ የረጋ ደም ተቀምጧል። ከእሱ ላይ የተቀነጠበ ፍርፋሪ ነው ወደ አንጎሌ ወጥቶ እጄንና አንደበቴን የወሰደው። ሐኪሙ ፊኛውን በዚህ ሁኔታ ማስገባት እንደማይቻል አስረዳኝ፤ ቱቦው የረጋውን ደም ከነካው ነቅሎ ይልከዋል። ቀጠሮው ተሰረዘ። የረጋው ደም ካልሟሟ በሩ አይከፈትም፤ የሚሟሟው ደግሞ ቁጥሬ ለወራት ሳይዋዥቅ ከጸና ብቻ ነው።

ገባኝ አልሁት። ከዚያ ግድግዳውን አየሁ። ቀለሙ ሁለት ነው፤ ከታች አረንጓዴ፣ ከላይ ነጭ። ሁለቱ የሚገናኙበት መሥመር ቀጥ ብሎ አልተሳለም። ያን ቀን ከሰዓት በኋላ ያሰብሁት ስለዚህ መሥመር ነው። ሰው ስለ ሞት ሲነገረው ብዙ ያስባል ብዬ አነብ ነበር፤ እኔ ግን አላሰብሁም።

በክፍሉ ውስጥ ናካቶ የምትባል ነርስ ነበረች። ወንዱን ሁሉ «ሴቦ»፣ ሴቱን ሁሉ «ኛቦ» ትላለች፤ በቋንቋቸው ጌታዬ፣ እመቤቴ እንደ ማለት ነው። የፔኒሲሊኑን መርፌ ከመውጋቷ በፊት ጠርሙሱን በመዳፎቿ መካከል እያንከባለለች ታሞቀዋለች፤ ሲቀዘቅዝ ይበልጥ ያማል ትላለች። በሦስተኛው ቀን ዘጠኝ ሰዓት ላይ እኅቴ ሳህኔን ይዛ ገባች። ናካቶ የአጠገቤን በሽተኛ የደም ግፊት እየለካች ሳለ ሳህኑ ሲከፈት አየችና ሥራዋን አቆመች።

«ሴቦ፣ ይሄ ሁሉ ሱኩማ ነው?»

ሱኩማ እኛ ጎመን የምንለው ነው። አዎን አልኋት።

«ትናንትም ያመጣችልህ ይህንን ነበር።»

«ከትናንት በስቲያም።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ጾሙ ከገባ ጀምሮ። አራተኛ ሳምንታችን ነው።»

«በየቀኑ?» ወደ እኅቴ ዞረች። «ኛቦ፣ በየቀኑ?»

እኅቴ የተመሰገነች መስሏት ፈገግ አለች። «በየቀኑ» አለች በእንግሊዝኛ። «ለልብ ጥሩ።»

ናካቶ አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀምጣ ቀስ ብላ አስረዳችኝ፤ እኔም ተረጎምሁ። ጉበት ደምን የሚያረጋውን ንጥረ ነገር የሚሠራው በቫይታሚን ኬ ነው። ክኒኑ ይህን ሥራ ያዘገያል። ጎመን ደግሞ በዚህ ቫይታሚን የተሞላ ነው፤ ሦስት ጭልፋ ጎመን ክኒኑ በቀን የሠራውን በቀን ያፈርሰዋል። በሕይወቴ ከተረጎምሁት ሁሉ የከበደኝ ይህ ነው፤ የምተረጉምላት ሰው ሳህኑን በእጇ ይዛለች።

እትዬ ዘነቡ እስከ መጨረሻው ሰማች። ሳህኑን ከደነችው።

«ያኔም ራስህን ይዤ፤ አሁንም አጉርሼ» አለች። ድምፅዋ አልተንቀጠቀጠም። ሳህኑን ይዛ ወጣች፤ ያን ቀን አልተመለሰችም። ተከትያት መሄድ ነበረብኝ። ቢያንስ መጥራት ነበረብኝ። ተኝቼ የግድግዳውን መሥመር አየሁ።

ከሆስፒታል ስወጣ በምግብ ቤቷ ጎመን የሚባል ነገር አልነበረም። ለእኔ ብቻ ሳይሆን ለማንም ላለማብሰል ወስናለች።

«በጾም ያለ ጎመን? ዘነቡ፣ ሃይማኖት ቀየርሽ እንዴ?» አሉ ጋሽ በቀለ።

«ጋሼ፣ ያለውን ብሉ።»

«ያለው ምስር ነው፤ ትናንትም ምስር ነው።»

«እንግዲያው ምስርዎን ይብሉ!»

በሁለተኛው ሳምንት ጥርሴን ስፋቅ አፌ በደም ተሞላ። ክንዴ ላይ ሳልመታ የበለዘ ምልክት ወጣ። ከእኅቴ ጋር ወደዚያው የሆስፒታል ክፍል ተመለስን፤ ቁጥሬ ከአምስት በላይ ሆኖ ተገኘ። ሐኪሙ ስለ ጎመኑ ሳያውቅ የክኒኑን መጠን ጨምሮ ነበር፤ እኅቴ ደግሞ ጎመኑን ከሥሩ ነቀለችው። መድኃኒቱ የሚቋቋመው ነገር ስላጣ ደሜ ከሚገባው በላይ ቀጠነ። ለመሞት አንድ ስሕተት በቂ ሆኖ ሳለ በሁለት በኩል ሞክረነው ነበር። ናካቶ ይህን ስታይ ሣቀች። በዚያ ክፍል ሰው ሲሥቅ የሰማሁት ያን ጊዜ ነው።

«ኛቦ፣ ጎመኑ ጠላት አይደለም» አለቻት። «ሽሽት አልጠየቅሁሽም። እኩል እንዲሆን ነው የምፈልገው። ትንሽ ከሆነ ሁልጊዜ ትንሽ፤ መጠኑን እኛ በክኒኑ እናስተካክላለን።»

እኅቴ ይህን ስተረጉምላት ለመጀመሪያ ጊዜ ፊቷ ተፈታ። ጥፋት መሸከም ብቻ ሳይሆን ሥራ ተሰጣት።

«በምን ልስፈረው?»

«ሁልጊዜ በማይለወጥ ዕቃ» አለች ናካቶ።

በማግሥቱ እትዬ ዘነቡ ከሲኒዎቿ መካከል እጀታዋ የተሸረፈ አንዲት ሲኒ መርጣ ለብቻዋ መደርደሪያ ላይ አስቀመጠቻት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ተከትፎ የበሰለ ጎመን በዚያች ሲኒ ልክ፣ በማንኪያ ጀርባ ተደልድሎ፣ በየቀኑ አንድ ጊዜ ይቀርብልኛል። አይጨመርም፣ አይቀነስም። ወደ ኢንቴቤ ለሥራ ስሄድ እንኳ ያቺኑ ሲኒ በፌስታል ጠቅልላ ትሰጠኛለች።

አራት ወር ፈጀ። ቁጥሬ ሁለት ነጥብ አራት፣ ሁለት ነጥብ ስድስት፣ እንደገና ሁለት ነጥብ አራት እያለ ጸና። በአምስተኛው ወር መሣሪያው በጉሮሮዬ ገባ፤ ጥጉ ባዶ ነበር። ሐኪሙ ሁለት ጊዜ አይቶ «የለም» አለ። በሁለት ሳምንት ውስጥ ፊኛው በበሩ ገባ። ነቅቼ ነበር፤ ሕመም አልነበረውም። ፊኛው ሲነፋ ልቤ ለአፍታ ቆም ያለ መሰለኝ፤ ከዚያ ትንፋሼ ለረጅም ጊዜ ወዳልሄደበት ቦታ ወረደ። ሐኪሙ «ተከፍቷል» ሲለኝ እንደ ልማዴ አመሰገንሁት። ደስ ማለት እንደሚገባኝ ዐውቄያለሁ፤ ደስታው ግን እንደ ጣቶቼ ጫፍ ከሩቅ ነበር። በዚያ ሌሊት በአንድ ትራስ ተኛሁ።

ያየሁትን ጠቅልዬ ልናገር። ልጅ ጉሮሮውን ሲያመው፣ በተለይም ትኩሳት ካለው፣ ወደ ጤና ተቋም ይወሰድ፤ እንጥል መቁረጥ ተሕዋሲውን አይገድለውም። የመገጣጠሚያ እብጠት ከአንዱ ወደ ሌላው ሲዘል ብርድ ነው ተብሎ አይታለፍ። ደም ማቅጠኛ የምትወስዱ ጿሚዎች ደግሞ ጾም ሲገባም ሲፈታም ለሐኪማችሁ ንገሩ። «እጾማለሁ» ብቻ ብላችሁ አታቁሙ፤ ከሳህናችሁ ምን እንደሚወጣና ወደ ሳህናችሁ ምን እንደሚገባ ንገሩት። እሱ ሊገምተው አይችልም። የደም ምርመራ ቀናችሁንም እንደ እኔ አታሳልፉ።

የልቤ በር ተከፍቷል፤ የላይኛው ክፍል ግን ምቱ ስላልተስተካከለ ክኒኑ አብሮኝ ይኖራል። ኮሎሎን አሁን በእግሬ እወጣለሁ፤ በመካከሉ አንድ ጊዜ እቆማለሁ፤ ስልኬን ግን አላወጣም።

በዘንድሮው ፋሲካ የእኅቴ ምግብ ቤት በሰው ሞልቶ ነበር። ጋሽ በቀለ ከእኔ ፊት ለፊት ተቀምጠዋል። ዶሮው መጣ፤ ከእንቁላሉ ጋር። እትዬ ዘነቡ ተመልሳ ሄደችና ያችን የተሸረፈች ሲኒ አምጥታ ዶሮው አጠገብ አስቀመጠቻት። እስከ አፏ ጎመን ናት፤ እንፋሎቷ ይወጣል።

ጋሽ በቀለ ሲኒዋን አዩ፤ እኅቴን አዩ።

«ኧረ ዘነቡ! በፋሲካ ጎመን? ክርስቶስ ተነሥቷል እኮ!»

«ተነሥቷል፤ ደስ ብሎናል» አለች፣ እጇን በሽርጧ እየጠረገች። «እቺ ሲኒ ግን አትጾምም፣ አትፈስክም። ሊቁ፣ ሳትቀዘቅዝ ብላ።»

ሲኒዋን በቀኝ እጄ አነሣኋት። ትኩስ ነበረች፤ ደንዝዞ የነበረውን ጣቴን አቃጠለችኝ። ወዲያው አላስቀመጥኋትም።